ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ (አባ ነፍሶ)፦ ከአድዋ መድፈኛነት እስከ አገምጃ መሥዋዕትነት

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከነበሩት ዕውቅ የጦር መሪዎች አንዱ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌና በአድዋ የኢትዮጵያን መድፈኛ ጦር እየመሩ ተዋግተዋል። ከአርባ ዓመት በኋላ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ዳግም በወረረ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ እንደገና ጠመንጃ አንሥተው በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በትውልድ አካባቢያቸው ተሰውተዋል።

በሁለቱም የኢጣልያ ወረራዎች የዘመቱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የባልቻን ታሪክ ለየት የሚያደርገው በሁለተኛው ዘመቻ ጊዜ የነበሩበት ሁኔታ ነው። የሚያስጠብቁት ሹመት አልነበራቸውም፤ ግዛታቸውን ከስምንት ዓመት በፊት ተነጥቀዋል። ርስት የሚያወርሱት ልጅ አልነበራቸውም። በዙፋኑ ላይ የነበሩትም ንጉሠ ነገሥት እርሳቸውን ከሥልጣን ያወረዷቸው ሰው ነበሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ወራሪው በመጣ ጊዜ የተሰለፉት ከአገራቸው ጎን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ልጅነትና አስተዳደግ

ባልቻ ሳፎ በ1855 ዓ.ም. ገደማ በሶዶ ጉራጌ ምድር፣ አገምጃ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። በ1860ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ለማስፋት በተከታታይ ይዘምቱ ስለነበር የጉራጌ ምድር የጦር አውድማ ሆኖ ነበር። ታዳጊው ባልቻ ከነዚያ ውጊያዎች በአንዱ ክፉኛ ቆስሎና ተሰልቦ ተገኘ። በዚያ ዘመን ጦርነት የወደቀን ሰው መስለብ ገዳዩ ጀግንነቱን የሚያስመሰክርበት ልማድ ነበር፤ ከቁስሉ የሚተርፈውም ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ልጁ ግን ተረፈ። ምኒልክ አስነሥተው አሳከሙት፤ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥታቸው ወስደው አሳደጉት።

ልጁን ለዚህ ጉዳት የዳረገው ዘመቻና በኋላ ያሳደገው ቤት የአንድ ንጉሥ ነበሩ። በዘመቻ የተማረኩ ልጆችን በቤተ መንግሥት ማሳደግ፣ ችሎታ ያላቸውንም ለታላቅ ሹመት ማብቃት በምኒልክ ዘመን የተለመደ ነበር። ኋላ የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ የተነሡት በዚሁ መንገድ ነው። የተወለዱበትም የጨቦ ምድር ከባልቻ ትውልድ አገር ሩቅ አይደለም። ሁለቱም በዘር ሐረጋቸው የመኳንንት ወገን ስላልነበሩ ለሹመት ያበቃቸው ታማኝነታቸውና በጦር ሜዳ ያሳዩት ሙያ ነው።

በጅሮንድነትና የመድፍ ሥራ

ባልቻ በቤተ መንግሥት አድገው የበጅሮንድነት ማዕረግ አገኙ። በጅሮንድ የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሹም ነው። ግምጃ ቤቱ ወርቅና ብር ብቻ የሚቀመጥበት አልነበረም፤ ጠመንጃው፣ ጥይቱና መድፉም የንጉሡ ንብረት ስለነበር የመሣሪያ ጥበቃ ከግምጃ ቤቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። የግምጃ ቤት ሹም የነበሩት ባልቻ የመድፈኞች አለቃ ሆነው መሰለፋቸው ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም።

ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የነበሯት መድፎች በቁጥር አርባ ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ለተራራ ውጊያ የተሠሩ ቀላል መድፎች ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ሆችኪስ የተባሉት ፈጣን ተኳሽ የፈረንሣይ መድፎች ይገኙባቸዋል። መድፉ ተፈታቶ በበቅሎ ይጫናል፤ ከስፍራው ሲደርስ እንደገና ይገጣጠማል። ጥይቱም በበቅሎና በሰው ትከሻ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ ያለውን መንገድ፣ ጎዳና በሌለበት ዘመን፣ ገደልና ወንዝ እያቋረጡ ይህን ሁሉ ማድረስ ራሱን የቻለ ታላቅ ሥራ ነበር። ከባልቻ ጋር የመድፈኛውን ጦር የመሩት ሌላው ሹም ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው ነበሩ።

ጦርነቱን ያመጣው ውል

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውጫሌ ላይ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የወዳጅነት ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይገልጻል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ኢጣልያ በዚህ ቃል ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር ያለች አገር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ ተቃወሙ፤ በኋላም ውሉን ሙሉ በሙሉ አፈረሱት።

ኢጣልያ ከኤርትራ ተነሥታ ወደ ትግራይ ስትገፋ ንጉሠ ነገሥቱ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት ዐዋጅ አስነገሩ። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበጌምድር፣ ከላስታ፣ ከሐረርና ከደቡብ የመጣው ሠራዊት ወደ ሰሜን ተመመ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የመሸገው የማጆር ቶዜሊ ጦር ተደመሰሰ፤ ማጆሩም በዚያው ወደቀ። በዚህ ውጊያ ስማቸው ጎልቶ ከወጣው አዝማቾች አንዱ ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ።

የመቀሌ ከበባ

ከአምባላጌ በኋላ የኢጣልያ ጦር መቀሌ አጠገብ በእንዳ ኢየሱስ በተሠራ ምሽግ ገብቶ ተከላከለ። አዛዡ ማጆር ጋሊያኖ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የነበሩት ኢጣልያውያንና የአገር ተወላጅ ወታደሮች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ምሽጉ በድንጋይ ግንብ የተከበበ፣ ሽቦና እሾህ የታጠረበት፣ መድፍም የተጠመደበት ስለነበር በሰው ብዛት ብቻ የሚያዝ አልሆነም። በፊት ለፊት የገፋው የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙ ሰው አጣ።

መድፈኞቹ ሥራቸውን ያሳዩት በዚህ ጊዜ ነው። ባልቻና አባተ መድፎቻቸውን ከምሽጉ ፊት ለፊት ባሉ ከፍተኛ ስፍራዎች ጠምደው ግንቡንና የጠላትን መድፎች ይደበድቡ ጀመር። ወደ ምሽጉ የሚወስደውን የምንጭ ውኃ ለመያዝ የእቴጌ ጣይቱ ምክር ተከትሎ ምንጩ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። በላያቸው መድፍ የሚወርድባቸው፣ በውስጥ ውኃ ያለቀባቸው ወታደሮች ከሁለት ሳምንት ያህል ከበባ በኋላ በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በስምምነት ምሽጉን ለቀው ወጡ። ዐፄ ምኒልክ መሣሪያቸውን ይዘው እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ጋሊያኖም ወደ ወገኑ ተቀላቅሎ በኋላ በአድዋ ጦርነት ሞተ።

ከመቀሌ በኋላ የባልቻ ስም በሠራዊቱ ዘንድ የታወቀ ሆነ። በጦርነቱ ዋዜማ በአውሮፓ ብዙ ሰው አፍሪካዊ ሠራዊት ዘመናዊ መድፍ በትክክል አነጣጥሮ ለመተኮስ ይችላል ብሎ አያምንም ነበር። መቀሌ ይህን ግምት አፈረሰው።

የአድዋ ዕለት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ጄኔራል ባራቲዬሪ ከ17 ሺህ በላይ ወታደሮችና 56 መድፎች ይዞ በአድዋ ተራሮች መካከል ገባ። ሠራዊቱን በሦስት ግንባር ከፍሎ አንድ ተጠባባቂ ጦር ከኋላ አስከተለ። በግራ የነበረው ጄኔራል አልቤርቶኔ በሌሊት ጉዞ ከሌሎቹ ርቆ ወደ እንዳ ኪዳነ ምሕረት አመራ። በዚህም ምክንያት ግንባሮቹ እርስ በርሳቸው ሊረዳዱ በማይችሉበት ሁኔታ ተለያዩ።

የኢትዮጵያ ሠራዊት ንጉሠ ነገሥቱን፣ እቴጌ ጣይቱን፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ ራስ መኰንንን፣ ራስ ሚካኤልን፣ ራስ መንገሻ ዮሐንስን፣ ራስ አሉላንና ሌሎች አዝማቾችን ይዞ ተነሣ። የመጀመሪያው ከባድ ውጊያ የተደረገው ከአልቤርቶኔ ጦር ጋር ነው። የኢጣልያ መድፎች በአጥቂው ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሱ፤ ፊታውራሪ ገበየሁም እየመሩ ሲገፉ ተመትተው ወደቁ። የባልቻ መድፈኞች በበኩላቸው ወደ ጠላት መድፎች እየተኮሱ ለእግረኛውና ለፈረሰኛው መንገድ ከፈቱ። ሕዝቡ በቀረርቶና በሽለላ የገበየሁንና የባልቻን ስም አጣምሮ ሲያነሣ የኖረው፣ ገበየሁ የወደቁበትን ስፍራ ባልቻ ሸፈኑት በሚለው ትዝታ ነው።

የአልቤርቶኔ ጦር ተሰብሮ ጄኔራሉ ተማረከ። ቀጥሎ በመካከል የነበረው ጄኔራል አሪሞንዲ፣ በመጨረሻም በማርያም ሸዊቶ በኩል ተነጥሎ የቀረው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ከነጦራቸው ተሸነፉ፤ ሁለቱም ጄኔራሎች ሞቱ። ባራቲዬሪ ሸሸ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የጠላት መድፎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገብተው ነበር። ከሁለቱም ወገን በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የውጫሌ ውል መፍረሱንና የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀች።

የማዕረግ ሽልማትና አገረ ገዥነት

በዚያ ዘመን የጦር ሜዳ ጀግና የሚሸለመው በደረት ላይ በሚንጠለጠል ኒሻን ብቻ አልነበረም። ለምድ፣ ካባ፣ ጋሻና ጎራዴ የክብር ሽልማቶች ነበሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማዕረግ ዕድገትና የግዛት ሹመት ነው። የፈረስ ስምም ራሱ የክብር ምልክት ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው እንደተባሉ ሁሉ ባልቻም አባ ነፍሶ ተብለው ታወቁ፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ነው።

በጅሮንድ ባልቻ ከአድዋ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ አገኙ፤ በ1890 ዓ.ም. ገደማም የሲዳሞ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሀገረ ሰላም መቀመጫቸው ነበረች። በኋላ ሐረርን የገዙ ሲሆን፣ በ1902 ዓ.ም. በእርሳቸው ቦታ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን፣ የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ተሾሙ። ባልቻም ወደ ሲዳሞ ተመልሰው ለብዙ ዓመታት ገዙ።

ሲዳሞ ቡና አምራች በመሆኑ ገቢው ከፍተኛ ነበር፤ የገዥውም አቅም በዚያው ልክ ነው። ይህ ብልጽግና ግን ለገበሬው አልተረፈም። በገባር ሥርዓት እያንዳንዱ ወታደር የተመደበለት ገባር እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱንም ይሰጠው ነበር። ሸክሙ ከባድ ነበር፤ ሥርዓቱ እስከ ጠላት ወረራ ዘመን ድረስ በብዙ የደቡብ ግዛቶች ቆይቷል። የአድዋው ጀግና ባልቻ የዚህ ሥርዓት ሹምም ስለነበሩ፣ የሕይወት ታሪካቸው ይህንን ጭምር ይይዛል።

የ1920 ዓ.ም. ግጭት

ዐፄ ምኒልክ ካረፉና ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ባልቻ ለጌታቸው ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ ታማኝ ነበሩ። የእንደራሴውን ሥልጣን መስፋትና አዲስ የሚያስገቡትን አሠራር በበጎ ዓይን አላዩትም። የቀድሞውን ሥርዓት የሚደግፉት መኳንንት ዋና ምሰሶ የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ከቀሩት ኃያላን አንዱ ባልቻ ነበሩ።

በ1920 ዓ.ም. ባልቻ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ታዘዙ። በሺዎች የሚቆጠር ወታደር አስከትለው መጡና በንፋስ ስልክ በኩል ሰፈሩ። ወደ ቤተ መንግሥት ለግብር ተጠርተው በክብር በተስተናገዱበት ጊዜ፣ የአልጋ ወራሹ ሰዎች ወደ ሰፈራቸው ሄደው ወታደሩን በገንዘብና በምክር አሳመኑት። የሲዳሞም ግዛት ለሌላ ሹም ተሰጠ። ባልቻ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበትኖ ነበር። ያለ ውጊያ ተሸንፈው እጃቸውን ሰጡ፤ ለተወሰነ ጊዜም ታሠሩ። ከዚያ በኋላ በገዳም ኑሮ ከመንግሥት ሥራ ርቀው ተቀመጡ። ራስ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፣ በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ባልቻ በዚህ ጊዜ ወደ ሰባ የሚጠጋ ዕድሜ ነበራቸው። ልጅ ስላልነበራቸውም በስማቸው የሚቀጥል የሥልጣን ተስፋ አልነበረም። የአንድ አዛውንት ሹም ታሪክ በዚህ የተዘጋ ይመስል ነበር።

ዳግመኛው ወረራ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ይህ ጦር ከአድዋው ጦር በእጅጉ የተለየ ነበር። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ ከሁሉም በላይ በዓለም አቀፍ ውል የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ይዞ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ።

በከተማይቱ ዙሪያ ያለው አገር ግን አልተያዘም። በሰላሌ የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን ካሣ፣ በሌላም በኩል ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ራስ የሆኑት አበበ አረጋይ ጦር ይዘው ነበር። ዋና ከተማዋን ከበባ ውስጥ ለማስገባት ተመካከሩ። በዚህ ጊዜ ደጃዝማች ባልቻ ከተቀመጡበት ተነሥተው ከአርበኞቹ ጋር ተሰለፉ። የከተማይቱ ደቡብ ምዕራብ በኩል የእርሳቸው ወገን ሆነ። ከስምንት ዓመት በፊት ሠራዊታቸውን በከተማይቱ ጫፍ በንፋስ ስልክ ያጡት ሰው፣ አሁን ወደዚያችው ከተማ የተመለሱት ጠላትን ሊያስወጡላት ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው አጠቁ። ወቅቱ ክረምት በመሆኑ ወንዞች ሞልተው፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ ነበር። አርበኞቹ ስልክም ሆነ ሬዲዮ ስላልነበራቸው ሁሉም ግንባር በአንድ ሰዓት ሊገጥም አልቻለም። አንዱ ወገን ገብቶ ሲዋጋ ሌላው ገና በመንገድ ላይ ነበር። ጠላት በመትረየስና በአውሮፕላን እየተከላከለ ተራ በተራ መለሳቸው። አቡነ ጴጥሮስ በዚሁ ሰሞን ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ጥቃቱ ከተማይቱን ባያስለቅቅም፣ ጠላት ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን አገር ገና እንዳልገዛ አስመስክሯል።

የመጨረሻው ውጊያ

ክረምቱ ሲወጣ ኢጣልያኖች በዋና ከተማይቱ ዙሪያ ያሉትን አርበኞች ለማጥፋት ዘመቻ ጀመሩ። ከመሣሪያው ጎን ለጎንም ሌላ ስልት ያዙ፤ ታዋቂ ሹማምንትን በምሕረት ቃል ወደ እጃቸው እንዲገቡ መጥራት። ቃሉ ምን ያህል እንደሚታመን ጥቂት ወራት ቆይቶ ታየ። ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን ካሣ ነፍሳቸው እንደማይነካ ተነግሯቸው እጃቸውን ቢሰጡ፣ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። ራስ ደስታ ዳምጠውም በየካቲት ወር ተይዘው ወዲያው ተረሸኑ።

ባልቻ ይህን መንገድ አልመረጡም። ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሶዶ ምድር ተመልሰው መሣሪያቸውን እንደያዙ ቆዩ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የኢጣልያ ጦር ካሉበት ደረሰ። በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው፣ ጠላቶቻቸው ትጥቃቸውን እንዲፈቱ በጠየቋቸው ጊዜ መልሳቸው ጥይት እንደነበረ፣ ሊይዟቸው የቀረቡትንም ጥለው እንደወደቁ ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሳይማረኩ በትግል ላይ ሞቱ።

በሕፃንነታቸው ደማቸው በፈሰሰበት ምድር በሽምግልናቸው ዳግም ደማቸው ፈሰሰ። በመካከል ያለፉት ስድሳ ዓመታት የቆሰለ ልጅን የአገር መሪ አድርገው፣ ከዚያም ሥልጣን አሳጥተው፣ በመጨረሻ ወደ ተነሣበት አፈር መልሰውታል።

ትዝታውና ትርጉሙ

ከባልቻ ሞት በኋላ ትግሉ አልቆመም። በጎጃም፣ በበጌምድር፣ በሸዋ፣ በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች አርበኞች ለአምስት ዓመት ተዋግተው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከነጻነት በኋላ በሶቪየት ቀይ መስቀል የሚረዳ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ሲቋቋም የደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ተብሎ ተሰየመ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ሕዝብ ያገለግላል። በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤትም በከተማይቱ አለ። ልጅ ያልነበራቸው ሰው ስማቸው በሕሙማንና በተማሪዎች አፍ በየዕለቱ ይነሣል።

ደጃዝማች ባልቻን በአድዋ መድፍ ብቻ ማስታወስ የታሪካቸውን ግማሽ መተው ነው። አድዋ ላይ የተዋጉት ካሳደጋቸው ንጉሥ ጎን፣ ከድል በኋላም ሹመት በሚጠብቃቸው ዕድሜ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን የሚጠብቃቸው ሹመት አልነበረም። ከመንግሥት ጋር ቅያሜ የነበረው ሰው ጠላት ሲመጣ ዳር ይዞ ቢቀመጥ የሚረዳው ብዙ ነበር፤ በዚያ ወቅት ከኢጣልያ ጋር ተስማምተው ሹመት የተቀበሉ መኳንንትም ነበሩ። ባልቻ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ጠብና ለአገራቸው ያለባቸው ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለዩ። ጠቡን ወደ ጎን ትተው ዕዳውን በሕይወታቸው ከፈሉ።